ከተማዋ ውስጥ ሰው አልነበረም እንዴ?

የዚህ ቻናል ተከታታዮች ከእኔ የለመዳችሁት የሳምንቱን ፖለቲካ ነው። ዛሬ ስለ ጨዋታ ልጽፍ ነው፤ ያውም ስለ ግዙፍ ሮቦቶች ጦርነት። «ይህ ሰው ደግሞ ምን ነካው?» ብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ትንሽ ታገሱኝ። ጉዳዬ «ሚዛናዊ» የምትባለዋ ቃል ናት። ይህችን ቃል በጨዋታም በዜናም ያለ ቦታዋ ስናስገባት ኖረናል ባይ ነኝ፤ እኔ ስህተቴን ያወቅኩት ደግሞ በጨዋታው በኩል ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ባለፈው ክረምት ሰባት ሆነን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። በጽሑፍ የሚካሄድ የሚና ጨዋታ ነው፤ ልጆቹ «ሮልፕሌይ» ይሉታል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ገጸ ባሕርዩ የሚያደርገውንና የሚናገረውን ይጽፋል፤ አንድ ሰው አጫዋች ሆኖ ውጤቱን ይወስናል። አጫዋቹ እኔ ነበርኩ። ዓለሙን የፈጠርኩትም እኔ ነኝ፦ ሩቅ ዘመን፣ ሁለት መንግሥታት፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የሚያክሉ ሮቦቶች። ስድስቱ ተጫዋቾች ሦስት ለሦስት ተከፈሉ። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ነጥብ ስደምርና ስቀንስ ሰነበትኩ። ለእያንዳንዱ ሮቦት 100 ነጥብ። የብረት ልብሱ ከወፈረ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ መድፉ ሩቅ ከመታ ጥይቱ ያንሳል። ማንም «ተበደልኩ» እንዳይል አድርጌ ነበር ያቀድኩት። እውነቱን ልናገርና ኮርቼበት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ተጫዋች የተደበቀ የጠላት ሮቦት ለማስወጣት ብሎ አንድ ከተማ ላይ ሮኬት አዘነበ። ፖስቱ አንድ መስመር ናት፤ «ከተማዋ ወደመች፤ አሁን መደበቂያ የላቸውም» ትላለች። ነጥቡን አስልቼ «ተሳክቷል» ብዬ መለስኩ። ሌሎቹ የእሳት ስቲከር ለጠፉ። ከስድስቱ አንዱ ግን፣ ጦርነትን በስልኩ ሳይሆን በቤቱ ጣሪያ ሥር ሆኖ የሰማ ልጅ፣ «ከተማዋ ውስጥ ሰው አልነበረም እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም ጭምር። ማታ ላይ ከግሩፑ ወጣ።

«ልጁ ተነክቷል፤ ያሳዝናል፤ ጨዋታ ግን ጨዋታ ነው» የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ለጥቂት ቀናት ራሴን ያጽናናሁበት መልስ ነው። አሁን አልቀበለውም። የልጁ ጥያቄ ስለ ስሜቱ አልነበረም፤ ስለ እቅዴ ነበር። እኔ «ሚዛናዊ» ያልኩት እቅድ ለሮቦቶቹ 600 ነጥብ መድቦ ለከተማዋ ምንም አልመደበም። ነጥብ የሌለው ነገር ደግሞ በጨዋታ ሕግ የለም ማለት ነው።

ነጥብ የሚያመዛዝነው ብረትን ነው

እኩል ነጥብ ሚዛን ያመጣል የሚለው እምነት የእኔ ብቻ አይደለም። የዚህ ዓይነት ጨዋታ የሚያቅድ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ ከማንም በላይ የሄዱበትን እንይ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ባትልቴክ» የሚባለው የአሜሪካ ጨዋታ በ1984 ሲወጣ ስሙ «ባትልድሮይድስ» ነበር፤ «ድሮይድ» የሚለው ቃል የ«ስታር ዎርስ» ባለቤቶች የንግድ ምልክት በመሆኑ በዓመቱ ተቀየረ። ዓለሙ 31ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አምስት ታላላቅ ቤቶች ከ20 እስከ 100 ቶን በሚመዝኑ ሮቦቶች ይዋጋሉ። ጦር ለማመጣጠን ቀላሉ ዘዴ ክብደት ነበር፦ አንተ 200 ቶን፣ እኔም 200 ቶን። ከዚያ ታሪኩ ውስጥ በ3050 «ክላን» የሚባሉ ወራሪዎች የተሻለ መሣሪያ ይዘው መጡ፤ በቶን እኩል የሆነው የክላን ሮቦት የሌላውን ያደቀው ጀመር። ቶን እንደማይበቃ ሲታወቅ የሮቦቱን የማጥቃትና የመከላከል አቅም፣ የአብራሪውን ችሎታ ጭምር፣ ወደ አንድ ቁጥር የሚቀይር ስሌት ተዘጋጀ። ጥሩ ስሌት ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አንድ ውጊያ ሊጫወቱ ከሆነ ይበቃቸዋል።

ስድስት ሰዎች ለወራት አንድ ታሪክ አብረው ሊጽፉ ከሆነ ግን አይበቃም። በእኔ ግሩፕ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ነፃ ዋይፋይ ስላለው በቀን 20 ጊዜ ይጽፋል። ሌላዋ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ናት፤ በሁለት ቀን አንዴ ብትጽፍ ነው። ሁለቱም 100 ነጥብ ነበራቸው። በሁለተኛው ሳምንት የተማሪው ሮቦት ግማሹን ግንባር ብቻውን ይዞ ነበር፤ የእሷ ሮቦት ተራራ ሥር ቆሞ ትእዛዝ ይጠብቃል። በወረቀት እኩል ነበሩ፤ በተግባር አንዱ ጄኔራል፣ አንዷ ተመልካች። ይህንን የትኛውም የብረት ስሌት አያሳይም።

የሚገርመው የተሻለው መልስ እዚያው ባትልቴክ ታሪክ ውስጥ ተቀምጧል። የክላን አዛዦች ከውጊያ በፊት ይጫረታሉ፤ «ይህን ቦታ በስንት ሮቦት ትይዘዋለህ?» ተባብለው። እንደ እኛ አገር የግንባታ ጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል፤ ማለትም በትንሹ ኃይል እይዛለሁ ያለው ነው ክብሩን የሚወስደው። ብረቱ እኩል አልሆነም። ጠንካራው ወገን በገዛ ኃይሉ ላይ ገደብ የሚያደርግበት ምክንያት ተሰጠው፤ ሚዛኑም ከዚያ መጣ።

ጨው ያለቀባት መርከብ

አሁን ደግሞ ወደ ጃፓን። «ሞባይል ሱት ጋንዳም» በኤፕሪል 1979 ቴሌቪዥን ላይ ሲጀምር 52 ክፍል እንዲሆን ታቅዶ ነበር፤ ተመልካች ስላጣ በ43 ተቋረጠ። ዛሬ የግዙፍ ሮቦት ጦርነት ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው እሱን ነው። ዋና ዳይሬክተሩ ዮሺዩኪ ቶሚኖ የተወለደው በ1941፣ አገሩ ጦርነት ውስጥ እያለች ነው።

ነጥብ ደማሪ ሰው ጋንዳምን ቢያየው ራሱን ይይዛል። ባለ 18 ሜትሩ ነጭ ሮቦት ከጠላት ተራ ሮቦቶች በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አብራሪው ደግሞ አሙሮ ሬይ የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ነው። ይህ ምን ዓይነት ሚዛን ነው? ነገር ግን ታሪኩ ይሠራል፤ ለምን እንደሚሠራም መናገር ይቻላል።

አንደኛ፣ ጠንካራው ሮቦት አንድ ነው፤ የያዘችው መርከብም አንዲት ናት፤ የሚያሳድዳት ጦር ግን ብዙ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን አይደል? ሁለተኛ፣ መርከቧ የተሞላችው በወታደር ብቻ አይደለም። መኖሪያቸው የተመታባቸው ተፈናቃዮች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ተሳፍረዋል፤ ከሠራተኞቿም ብዙዎቹ ትናንት ሲቪል የነበሩ ናቸው። በአንዱ ክፍል ላይ የመርከቧ ወጥ ቤት ጨው አለቀበት ተብሎ ጨው ፍለጋ ይገባል። ጨው! በዚያ ሁሉ የጨረር መሣሪያ መሃል። ሦስተኛ፣ ታሪኩ ገና ሲከፈት ተራኪው የሚነግረን ነገር በጦርነቱ የመጀመሪያ ወራት የሰው ልጅ ግማሹ ማለቁን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ድል በዚያ ሒሳብ ላይ የተቀመጠ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሚያቅድ ሰው ይጠቅማል። የጋንዳም ደራሲዎች ራዳርንና ከሩቅ የሚመራ ሚሳኤልን ከጥቅም ውጪ የሚያደርግ ብናኝ ፈጠሩ። በዚያ ምክንያት ጠላቶች በዓይን እስኪተያዩ ድረስ መቀራረብ አለባቸው፤ ግዙፍ ሮቦትም ትርጉም አገኘ። ዛሬ ርካሽ ድሮን ውድ ታንክ ሲያቃጥል በየቀኑ ቪዲዮ የሚያይ ተጫዋች «ለምን ሮቦቱን በድሮን አልመታውም?» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድ የዓለሙ ሕግ ከመቶ የነጥብ ሠንጠረዥ ይበልጣል። እኔ ሠንጠረዡን ነበር የያዝኩት።

ይህ ጨዋታ የተወለደው ከተማዋን ሲያስታውሱ ነው

«አንተ ፖለቲካህን ጨዋታ ውስጥ አስገባህ» የሚሉኝ ይኖራሉ። ታሪኩን ብናየው ግን ሲቪሉን ያስገባሁት እኔ አይደለሁም።

የፕሩሲያ መኮንኖች ከ1824 ጀምሮ ካርታ ዘርግተው፣ ዳይስ እየጣሉ ጦርነትን ይለማመዱ ነበር። በመሃል ዳኛ ነበር፤ ለእያንዳንዱ አዛዥ ሊያየው የሚችለውን ብቻ ይነግረዋል። ይህ የወታደሮች ጨዋታ ነበር፤ ሁለት ወገን፣ ሁለት ጦር። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት በላይ የጦርነት ጨዋታ ማለት በአብዛኛው ይኸው ነበር።

በ1969 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ተጫዋች በናፖሊዮን ዘመን በሁለት ጦር መሃል የተያዘች «ብራውንስታይን» የምትባል ምናባዊ የጀርመን ከተማ አዘጋጀ። ያደረገው አዲስ ነገር ለተጫዋቾቹ የጦር አዛዥነት ብቻ አለመስጠቱ ነው፤ አንዱ የከተማዋ ከንቲባ፣ ሌላው የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ፣ ሌላው ባለ ባንክ ሆኑ። ሁሉም የየራሱ ጉዳይ ነበረው። ከዚያ ጨዋታ ተሳታፊዎች አንዱ ዴቭ አርነሰን ነው፤ ሐሳቡን ይዞ ሄዶ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን አወጣ። ዛሬ ዓለም ላይ የሚና ጨዋታ የምንለው በአብዛኛው ከዚያ የወረደ ነው።

ነገሩን አስተውሉት። ጦር ብቻ በነበረበት ጊዜ «የጦርነት ጨዋታ» ነበር። በሁለቱ ጦር መሃል ያለችው ከተማ ሰው ተመደበላትና የሚና ጨዋታ መጣ። ስለዚህ እኔ ከተማዋን ባዶ አድርጌ ሳቅድ ወደ ኋላ ነው የተመለስኩት።

እንዲህ ቢታቀድስ?

ወቀሳ ብቻ እንዳይሆን፣ ዳግመኛ ስናቅድ የተስማማንበትን ላስቀምጥ።

1. የሚመጣጠነው የሰዎቹ ድርሻ ነው። በ2019 የወጣው «ላንሰር» የሚባል የሮቦት ጨዋታ ሮቦቶቹን በሥራ ይከፍላል፦ አጥቂ፣ ከሩቅ መቺ፣ ተከላካይ፣ ጠላትን አዋኪ፣ ደጋፊ። ደካማ መድፍ ያለው ደጋፊ ከሌለ ቡድኑ አይቆምም። እኛም «ይህ ሰው ባይኖር ታሪኩ ምን ይጎድለዋል?» ብለን እንጠይቃለን። «ምንም» ከሆነ መልሱ፣ እቅዱ ይታረማል።

2. ተራ ይከበራል። የእኛ ሰንጠረዥ ሲጀመር «ወረራ» የሚባል ምዕራፍ እንዳለው አባቶች የሚጫወቱትን ያየ ያውቃል፤ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ወረራው ያበቃና ተራ ይጀመራል። የቴሌግራም ጨዋታ መቼም የማያልቅ ወረራ ሆኖብን ነበር። አሁን በአንድ ዙር ለአንድ ሰው አንድ ፖስት ነው፤ ዙሩ ሁለት ቀን ይቆያል። የሌሊት ተረኛዋም ትደርሳለች።

3. ኃይል እኩል ካልሆነ ግብም አንድ ዓይነት አይሁን። ሁለቱም ወገን «ጠላትን ደምስስ» ከተባለ ደካማው ከመጀመሪያው ተሸንፏል። አንዱ ድልድይ ይያዝ፤ ሌላው ለአምስት ዙር ያዘግየውና ተፈናቃይ ያሻግር። ያኔ ሦስት አሮጌ ሮቦት ያለው ወገንም የሚያሸንፍበት መንገድ አለው።

4. ሁሉም ነገር ዋጋ አለው። ባትልቴክ ውስጥ መሣሪያውን ያለ ልክ የተኮሰ ሮቦት ይግላል፤ ግለቱ ከበዛ ይቆማል። እኛም ነዳጅ፣ መለዋወጫና ማቀዝቀዣ ውኃ እንቆጥራለን። ሮቦት የሚጠግን መካኒክ የሚይዝ ተጫዋች አለን፤ ሁሉም ይለማመጡታል።

5. ከተማዋ ተጫዋች አላት። አጫዋቹ በትርፍ ጊዜው የሚያስታውሳት ሳትሆን፣ ከሌሎቹ እኩል ድምፅ ያለው ሰው የያዛት።

6. ማንም «ይቁም» ማለት ይችላል። ምክንያት አይጠየቅም። መጀመሪያ ይቆማል፤ መነጋገሩ ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሕግ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ አንድ ሰው አናጣም ነበር።

ለሚቃወሙ

«እንዲህ ከሆነ ጨዋታው ምን ደስ ይላል? ሰው የሚጫወተው ከጭንቀት ለመውጣት ነው» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ የልጅነት ደስታን የሚንቅ ሰው አይደለሁም። ሮቦት ሲፋለም ማየት እኔም እወዳለሁ። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ተራራ ሥር የቆመችው ተጫዋች ደስ ብሏት ነበር? የወጣውስ ልጅ? የተዝናናነው እኛ ጥቂቶቹ ነን፤ ደስታችን የተከፈለው በሌሎቹ ዝምታ ነው።

«ጦርነት እውነተኛ ከሆነ ሚዛን የለውም፤ ጠንካራው ያሸንፍ» የሚሉም አሉ። እነዚህ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ጦርነት ሚዛን የለውም፤ ስለዚህም ነው ሮቦቶቹን እኩል ማድረግ ውሸት የሚሆነው። ግን ጦርነት ሚዛን የለውም ማለት በጨዋታው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ሚዛን አያሻቸውም ማለት አይደለም። ሮቦቱ ሌላ፣ የያዘው ሰው ሌላ። ይህን መለየት ያቃተው አጫዋች ያው እንደ እኔ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲመታ ይከርማል፦ ሰው ቅር ባለው ቁጥር ነጥብ ያስተካክላል።

ወደ ራሳችን ሙያ

አሁን ለምን ይህን እዚህ ቻናል ላይ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። ጋዜጠኛ ነኝ። በሙያዬ እንደ «ሚዛናዊ» የተደጋገመብኝ ቃል የለም። እንዴት እንደምንሠራበት ደግሞ ታውቃላችሁ። አንዱ ወገን የሰጠው መግለጫ አራት አንቀጽ፣ ሌላው ወገን የሰጠው ማስተባበያ አራት አንቀጽ። «ሁለቱም ወገኖች እርስ በርስ ተወነጃጅለዋል» የሚል መዝጊያ። አርታኢው ይደሰታል፤ ማንም «ተበደልኩ» ብሎ አይደውልም። ለሮቦቶቹ 100 ነጥብ፣ 100 ነጥብ።

በመሃል ያለው ቀበሌስ? ወፍጮ ቤቱ ሥራ አቁሟል? ጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒት አለ? ትምህርት ቤቱን ማን ሰፈረበት? ለእነዚህ ጥያቄዎች ነጥብ አልተመደበላቸውም። «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» እያልን እንተርታለን፤ ዘገባችን ግን ስለ ዝሆኖቹ ቁመት ነው። እኔ ራሴ እንዲህ ዓይነት ዘገባ ጽፌያለሁ፤ አንድ ጊዜም አይደለም። ያኔም «ሚዛናዊ» ተብዬ ተመስግኛለሁ። ግሩፑ ውስጥ ያንን እቅድ ያወጣው እጅ ያው ዜናውን የሚጽፈው እጅ መሆኑን ያየሁት ልጁ ከወጣ በኋላ ነው።

ይህ ለሁለቱም ወገን ፊት መንሣት፣ ወይም ለአንዱ ማድላት አይደለም። የተፋላሚዎቹ ቃል ይጻፍ። ግን ሚዛኑ ሲለካ በውጊያው መሃል የሚኖረውም ሰው ይቆጠር ነው የምለው። አንባቢዎችም ብትሆኑ ከዚህ አታመልጡም፤ «ዛሬ ማን አሸነፈ?» ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁን የምንመልስላችሁ የነጥብ ድምር ነው።

ልጁን ደወልኩለት። «ጥያቄህን አይቼው ዝም አልኩ፤ ይቅርታ» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «እመለሳለሁ፤ ሮቦት ግን አልፈልግም» አለኝ። አሁን የከተማዋ ውኃና ፍሳሽ ኃላፊ ሆኖ ይጫወታል። አንድም መሣሪያ የለውም።

ባለፈው ወር ጠንካራው ጦር ሮቦቶቹ ግለው ከተማዋ ዳር ቆሙ። ማቀዝቀዣ የሚሆን ውኃ ያለው የከተማዋ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ቢነጥቁት ማን ይከለክላቸዋል? ግን የቧንቧውን ካርታ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከተማዋን ካጠፉ ደግሞ ፓምፑን የሚያንቀሳቅስ ሰው የለም። አራት ዙር ተደራደሩ። በመጨረሻ ውኃ ሰጣቸው፤ እነሱም ከወንዙ ማዶ ሊሰፍሩ ተስማሙ። ያ ስምምነት ይቆይ አይቆይ ገና አልታወቀም፤ ሁለተኛው ጦር እየመጣ ነው። ከተማዋን በአንድ መስመር ያወደመው ተማሪ በዚያ ሳምንት ከማንም በላይ የጠየቀው ስለ ፓምፑ ነበር።

አስተያየታችሁን ከታች ጻፉልኝ። በተለይ የማትስማሙ። ሰላም ዋሉ።